ሁለቱ ወረቀቶች፤ የሪቻርድ ራይት የደራሲነት ጉዞ

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1925፣ የትምህርት ዘመኑ ሊያበቃ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ በአሜሪካ ደቡብ፣ በሚሲሲፒ ክፍለ ግዛት፣ በጃክሰን ከተማ አንድ የአሥራ ስድስት ዓመት ጥቁር ተማሪ ወደ ርእሰ መምህሩ ቢሮ ተጠራ። የዘጠነኛ ክፍልን ትምህርት ከጓደኞቹ ሁሉ በልጦ ስለ ፈጸመ በምረቃው በዓል ላይ ንግግር እንዲያሰማ ተመርጦ ነበር። ርእሰ መምህሩ አንድ ወረቀት አውጥተው ሰጡት። ንግግሩ ተጽፎ አልቋል፤ ከተማሪው የሚጠበቀው አጥንቶ ማቅረብ ብቻ ነው። በበዓሉ ላይ ጥቁሮችም ነጮችም ይገኛሉ። በነጮች ፊት ምን እንደሚነገርና ምን እንደማይነገር የሚያውቁት ደግሞ ርእሰ መምህሩ ናቸው። ልጁ የራሱን ንግግር እንደ ጻፈ ገልጾ ወረቀቱን አልቀበልም አለ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ያው ልጅ በቴኔሲ ክፍለ ግዛት፣ በሜምፊስ ከተማ፣ ሌላ ወረቀት በእጁ ይዞ ወደ ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ገባ። ይህን ወረቀት የጻፈው ራሱ ነው፤ ወረቀቱ የሚናገረው ግን በአንድ ነጭ ሰው ስም ነው። ቤተ መጻሕፍቱ ለጥቁር መጽሐፍ አያውስምና ልጁ ላኪም ተላላኪም ሆኖ መቅረብ ነበረበት።

የሪቻርድ ራይት የደራሲነት ታሪክ በእነዚህ በሁለቱ ወረቀቶች ውስጥ ተጠቅልሎ ይገኛል ቢባል ማጋነን አይሆንም። የመጀመሪያው ሌላ ሰው ጽፎ በእሱ አፍ ሊያስነግረው የፈለገው ቃል ነበር፤ ገፋው። ሁለተኛው እሱ ጽፎ በሌላ ሰው ስም የላከው ቃል ነበር፤ በሩን ከፈተለት። ከዚያም በኋላ በቀሩት 33 የሕይወቱ ዓመታት፣ በአገሩም ሆነ በስደቱ፣ ደጋግሞ የገጠመው ጥያቄ ይኸው ነው። ከአንድ ሰው አንደበት የሚወጣው ቃል የማን ነው?

*

ሪቻርድ ራይት ሴፕቴምበር 4 ቀን 1908 ከናቼዝ ከተማ አጠገብ በሚገኝ አንድ ሰፊ እርሻ ላይ ተወለደ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) አያቶቹ በባርነት የተወለዱ ሰዎች ነበሩ። አባቱ ማንበብና መጻፍ የማያውቅ እኩል አራሽ ሲሆን፣ እናቱ በአስተማሪነት የሠራች ሴት ነበረች።

እኩል አራሽነት በሚሲሲፒ ምን እንደ ሆነ ማወቅ የራይትን መጻሕፍት ለመረዳት ይጠቅማል። መሬቱ የባለርስቱ ነው። በቅሎውም ማረሻውም የባለርስቱ ነው። ዘሩ በብድር፣ የዓመቱ ቀለብም ከባለርስቱ ሱቅ በዱቤ ይመጣል። ጥጡ ተለቅሞ ሲመዘን ሚዛኑም መዝገቡም በባለርስቱ እጅ ነው። ገበሬው በዓመቱ መጨረሻ ሒሳብ ሊያስተሳስብ ሲቀርብ ይዞት የሚመለሰው ብዙውን ጊዜ አዲስ ዕዳ ነበር። ባርነት በ1865 በሕግ ተሽሯል፤ ሰውየውን ከመሬቱ ጋር ያሰረው ሰንሰለት ግን ከብረት ወደ ወረቀት ተለወጠ እንጂ አልተበጠሰም። በዚህ ላይ በባቡሩ፣ በትምህርት ቤቱና በሕክምናው ቤት ጥቁርን ከነጭ የሚለየው ሕግ አለ። ሕጉ ያልደረሰበትን ደግሞ ያለ ፍርድ ሰቅሎ የሚገድል የሕዝብ መንጋ ይጨርሰዋል።

ቤተሰቡ እርሻውን ለቆ ወደ ሜምፊስ ሄደ። ብዙ ሳይቆይ አባትየው ሚስቱንና ሁለት ወንዶች ልጆቹን ትቶ ከሌላ ሴት ጋር ኑሮ መሠረተ። ሪቻርድ ረኃብን የተዋወቀው በዚህ ጊዜ ነው። ራይት በጎለመሰበት ዕድሜ በጻፈው ግለ ታሪክ እንደሚተርከው፣ የአባቱ መልክና የረኃቡ ስሜት በልቡናው ውስጥ አንድ ሆነው ተጣበቁ፤ በራበው ቁጥር አባቱን ይጠላ ነበር። እናቱ በነጮች ቤት ወጥ ቤት ተቀጠረች። ልጆቿ ከማድ ቤቱ ጥግ ቆመው ጌቶች ሲበሉ ያያሉ፤ ከገበታው የሚተርፍ ካለ ይበላሉ፤ ካልተረፈ በዳቦና በሻይ ያድራሉ። ለጥቂት ጊዜም በሕፃናት ማሳደጊያ ቤት ተቀመጡ። በኋላም እናቱን ሽባ የሚያደርግ በሽታ ጣላት። ሪቻርድ የእናቱን የአልጋ ቁራኛነት ዕድሜውን ሙሉ ከልቡ ሊያወጣው አልቻለም።

ከዚህ በፊት በአርካንሳስ ክፍለ ግዛት፣ ኢሌን በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ከአክስቱ ዘንድ ለአጭር ጊዜ ኖረው ነበር። የአክስቱ ባል መጠጥ ቤት የነበረውና ኑሮው የተቃና ሰው ነው። በዚያ ቤት ዳቦ በጠረጴዛ ላይ ሞልቶ ያድራል፤ የተራበው ሕፃን ግን ነገ ያልቃል ብሎ ስለሚሰጋ በኪሱ ይደብቅ ነበር። በ1916 ንብረቱን የተመቀኙ ነጮች ሰውየውን ተኩሰው ገደሉት። ቤተሰቡ በሌሊት ሸሸ። ቀብር አልነበረም፤ ለቅሶ አልተቀመጡም፤ ሙሾ አልወረደም። ሟች ባለበት አገር አልቃሽ መጥፋቱ ምን ያህል የከፋ እንደ ሆነ ለአማርኛ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም። ልጁ ለምን አንናገርም፣ ለምን አንዋጋም ብሎ ሲጠይቅ የተሰጠው መልስ ዝም በል የሚል ነበር። ራይት ዕድሜውን ሙሉ የጻፈው ለዚያች ሌሊት ዝምታ መልስ ይሆን ዘንድ ነው ማለት ይቻላል።

*

ልጁ ከዚያ በኋላ ያደገው በጃክሰን በእናቱ እናት ቤት ነው። አያቱ የጸና ሃይማኖት የነበራቸው የሰባተኛ ቀን አድቬንቲስት ነበሩ። በዚያ ቤት ከሃይማኖት መጽሐፍ በቀር ሌላ ንባብ እንደ ኃጢአት ይቆጠራል። አንድ ቀን ግን በቤቱ ክፍል ተከራይታ የምትኖር ወጣት አስተማሪ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ስታነብ ልጁ አያትና ምን እንደምታነብ እንድትነግረው ለመናት። እያመነታችም ሚስቶቹን እያገባ የሚገድለውን የሰማያዊ ጺም ባለቤት ተረት በሹክሹክታ ትነግረው ጀመር። ልጁ ትንፋሹን ውጦ ያዳምጣል። ዓለም ተለወጠችበት። ተረቱ ከማለቁ በፊት አያቱ ደረሱ፤ የሰይጣን ሥራ ነው ብለው አስቆሙ፤ ልጁንም በጥፊ መቱት። መጨረሻውን አልሰማም።

ያ ያልተጨረሰ ተረት ሌላ ረኃብ ሆነበት። የመጀመሪያው ረኃብ ከሆድ ነበር፤ ይህ ግን በእንጀራ የሚታገሥ አልሆነም። መጽሐፍ ለመግዛት ገንዘብ የለም፤ ለመዋስ ፈቃድ የለም። ትምህርቱም ቢሆን በስደትና በድህነት እየተቆራረጠ፣ ከአሥራ ሁለት ዓመት ዕድሜው በፊት አንድ ሙሉ የትምህርት ዓመት ሳይቋረጥ የተማረበት ጊዜ አልነበረም።

በ1924 ገደማ፣ ገና ተማሪ ሳለ፣ አንድ ልብ ወለድ ታሪክ ጽፎ በከተማው ለሚታተም የጥቁሮች ሳምንታዊ ጋዜጣ ሰጠ። ታተመለት። ደስታ ይጠብቅ የነበረው ልጅ ያገኘው ግን ጥርጣሬ ነው። የክፍል ጓደኞቹ ከየት እንደ ቀዳው ጠየቁት። አያቱ ያልሆነ ነገር ሆነ ብሎ መጻፍ ውሸት ነው፤ ውሸት ደግሞ የዲያብሎስ ነው አሉ። በዙሪያው ከነበሩት ሰዎች መካከል አንድ ጥቁር ልጅ ደራሲ ሊሆን ይችላል ብሎ ያሰበ አልነበረም። የሚያበረታታው ቀርቶ የሚመኘው ነገር ስም እንኳን በአካባቢው አልነበረውም።

እንግዲህ በ1925 ከርእሰ መምህሩ ፊት የቆመው ይህ ልጅ ነው። የቀረበለት ምርጫ ቀላል አልነበረም። ርእሰ መምህሩ ከምረቃው በኋላ በአስተማሪነት ሊያስቀጥሩት ያስቡ ነበር፤ በሚሲሲፒ ለአንድ ደኃ ጥቁር ወጣት ከዚህ የተሻለ ሥራ በቀላሉ አይገኝም። እምቢ ካለ ሥራውም ይቀራል፤ የምረቃ ወረቀቱም ያሰጋል። ዘመዶቹ መከሩት፤ ጓደኞቹ ለመኑት፤ ሁሉም የተሰጣቸውን አንብበው የሚያልፉ ናቸው። እሱ ግን የራሱን ንግግር ይዞ መድረኩ ላይ ወጣ፤ ተናገረ፤ ከጥቂት ሰዎች ጋር ተጨባብጦ ከአዳራሹ ወጥቶ ሄደ።

ርእሰ መምህሩን እንደ ክፉ ሰው መቁጠር ቀላል ነው፤ ትክክል ግን አይደለም። እሳቸውም በበኩላቸው የተሰጣቸውን ቃል የሚያነቡ ሰው ነበሩ። ትምህርት ቤቱ ተከፍቶ እንዲያድር፣ ልጆቹ ፊደል እንዲቆጥሩ፣ በየዓመቱ የሚነገረው ንግግር ለስላሳ መሆን አለበት። የጭቆና ሥርዓት ትልቁ ብልኃት ይህ ነው፤ ጨቋኙ በሌለበት ቦታ የእሱን ንግግር የሚያዘጋጅለት ሰው ከተጨቋኙ ወገን አያጣም።

*

በሜምፊስ ራይት በአንድ የመነጽር ፋብሪካ በተላላኪነት ተቀጠረ። አንድ ቀን በከተማው ጋዜጣ ላይ ሜንከን የተባለውን የሰሜን ሐያሲ ክፉኛ የሚያወግዝ ርእሰ አንቀጽ አነበበ። ወጣቱ ተገረመ፤ ደቡብ የሚያወግዘው ጥቁርን ነው፤ ነጭ ሰው ምን ጽፎ እንዲህ ይወገዛል? መጽሐፉን ማየት አለበት። ከነጭ የሥራ ባልደረቦቹ መካከል አንድ ካቶሊክ ነበረ፤ በሃይማኖቱ ምክንያት ሌሎቹ ነጮች ስለሚንቁት ሊያምነው እንደሚችል ገመተ። ሰውየው የቤተ መጻሕፍት ካርዱን አዋሰው።

ራይት በባለካርዱ ስም ማስታወሻ ጻፈ። ማስታወሻው እንዲታመን በደቡብ ነጭ አነጋገር መጻፍ ነበረበት፤ ስለዚህ ራሱን በዚያ አገር ጥቁር በሚሰደብበት ቃል ጠራ። ሠራተኛዋ በጥርጣሬ አይታ መጻሕፍቱን የሚያነባቸው እሱ እንዳይሆን ጠየቀችው። ማንበብ እንደማይችል ነገራት። በዚህ ዓለም ማንበብ ለመጀመር ማንበብ አልችልም ማለት ግድ የሆነበት ደራሲ ስንት ይሆን?

መጻሕፍቱን በጋዜጣ ጠቅልሎ ወሰደ። ማታ በተከራያት ክፍል የታሸገ ባቄላ በሙቅ ውኃ እያሞቀ እየበላ አነበበ። ሜንከን ቃላትን እንደ ዱላ ይዞ የሚዋጋ ሰው መሰለው። ሰው በቃል መዋጋት ይችላል ማለት ነው? ከዚያ ሲንክሌር ሉዊስን፣ ከዚያም ድራይዘርን አነበበ። በሉዊስ መጽሐፍ ውስጥ አሠሪው የነበረውን ነጭ አገኘው፤ ያ ሰው ሩቅና ገዢ መሆኑ ቀርቶ ጠባብ ኑሮ የሚኖር ተራ ሰው ሆኖ ታየው። በድራይዘር መጽሐፍ ውስጥ ደግሞ የእናቱን መከራ አየ። ልብ ወለድ ማለት አያቱ እንዳሉት ውሸት አልነበረም፤ በዙሪያው የተከለከለው እውነት የተጻፈበት ስፍራ ነበር። በ1927 መጨረሻ ወደ ቺካጎ የሚሄደውን ባቡር ተሳፈረ።

*

ሰሜን የተስፋ ምድር አልነበረም። በፖስታ ቤት ቋሚ ሥራ ለማግኘት ፈተናውን አለፈ፤ የሰውነቱ ክብደት ግን ከተወሰነው 125 ፓውንድ፣ ማለትም ከ57 ኪሎ ግራም ገደማ፣ በታች ሆነና ተመለሰ። የሚሲሲፒ ረኃብ ቺካጎ ድረስ ተከትሎት መጣ። በኋላ ሥጋ ጨምሮ ቢቀጠርም የ1929 የኢኮኖሚ ውድቀት ሥራውን አሳጣው። መንገድ ጠረገ፤ የመድን ዋስትና ሸጠ፤ በአንድ ሆስፒታል የምርምር እንስሳትን ቤት አጸዳ። ሌሊት ሌሊት ዓረፍተ ነገር ይሠራል፤ ያፈርሳል፤ እንደ ገና ይሠራል።

በ1933 አንድ የፖስታ ቤት ጓደኛው ጆን ሪድ ወደሚባለው የግራ ክንፍ ጸሐፊዎችና ሠዓሊዎች ክበብ ወሰደው። ጥቂት ቆይቶም የኮሚኒስት ፓርቲ አባል ሆነ። ፓርቲው ለራይት የሰጠው ነገር ትንሽ አይደለም። ግጥሞቹን ያተሙለት የክበቡና የፓርቲው መጽሔቶች ናቸው። ነጭና ጥቁር በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ስለ ሥነ ጽሑፍ ሲከራከሩ ያየው በዚያ ነው። የሚሲሲፒው እኩል አራሽ መከራ በሌላው ዓለም ካለው የድኾች መከራ ጋር አንድ ሥር እንዳለው የተማረው በዚያ ነው። ነገር ግን ብዙም ሳይቆይ ጥያቄው ተመልሶ መጣ። ጽሑፍህ ይቆይ፤ አሁን ሕዝብ አደራጅ ተባለ። የአንድን ጓድ የሕይወት ታሪክ ለመጻፍ ማስታወሻ ቢይዝ ለማን ልትሰጠው ነው ተብሎ ተጠረጠረ።

አንድ ታሪክ ግን በተለይ መነገር አለበት። ራይት የገርትሩድ ስታይንን አንድ ረጅም ታሪክ ወድዶ ነበር፤ ታሪኩ ስለ አንዲት ጥቁር ሴት ነው። ሲያነበው ከልጅነቱ ጀምሮ እየሰማው ልብ ብሎት የማያውቀው የአያቱ አነጋገር በጆሮው ደወለ። አንድ የግራ ክንፍ ሐያሲ ግን ስታይን የበሰበሰ የቡርዧ ሥነ ጽሑፍ ምሳሌ ናት ብሎ ጻፈ። ራይት ተጨነቀ፤ የወደደው ነገር ከሕዝቡ የሚያርቀው ይሆን? ስለዚህ ፊደል እንኳን በቅጡ የማይለዩ ጥቁር የቄራ ሠራተኞችን በአንድ ምድር ቤት ሰብስቦ ታሪኩን ጮክ ብሎ አነበበላቸው። ሠራተኞቹ ጭናቸውን እየመቱ ሳቁ፤ እያቋረጡም ስለ ገጸ ባሕርይዋ አስተያየት ሰጡ። ነገሩ ገብቷቸዋል። ከዚያ ቀን ወዲህ ራይት ሕዝብ ይህን አይረዳም የሚል ሰው ሲያጋጥመው ሕዝቡን ጠይቀኸዋል ወይ ለማለት የሚያስችል ማስረጃ ነበረው።

*

በ1937 ወደ ኒው ዮርክ ሄደ። በሚቀጥለው ዓመት ከታሪኮቹ አንዱ በውድድር 500 ዶላር አሸነፈና «የአጎት ቶም ልጆች» የተሰኘው የአጫጭር ልብ ወለዶች መድበል ታተመ። መጽሐፉ ተወደደ፤ አንባቢ አለቀሰ። ራይትን ያሳሰበው ይህ ለቅሶ ነው። የባለጸጋ ልጆች አልቅሰው፣ እንባቸውን ጠርገው፣ ልባቸው ቀልሎ የሚተኙበት መጽሐፍ ጽፌአለሁ ብሎ ራሱን ወቀሰ። የሚቀጥለው መጽሐፍ አንባቢውን በእንባ የማያሳርፍ እንዲሆን ወሰነ።

በብሩክሊን በፎርት ግሪን መናፈሻ አግዳሚ ወንበር ላይ እየተቀመጠ የጻፈው «የአገር ልጅ» ማርች 1 ቀን 1940 ወጣ። ባለታሪኩ ቢገር ቶማስ የሃያ ዓመት ወጣት ነው። ከእናቱ፣ ከእኅቱና ከወንድሙ ጋር በአንዲት ክፍል ይኖራል፤ ልብ ወለዱም በዚያች ክፍል አይጥ በመግደል ይጀምራል። በአንድ ሀብታም ነጭ ቤት በሾፌርነት ይቀጠራል። የዚያ ሀብታም ኩባንያ አይጧ የምትርመሰመስበትን ክፍል ያከራያል፤ ያው ሀብታም ለጥቁሮች ትምህርት በጎ አድራጊ ነው። ቢገር የጌታውን ልጅ በፍርሃት ተይዞ ሳያስበው ይገድላል፤ ቀጥሎም ጥቁር ወዳጁን አስቦ ይገድላል። ራይት ለገጸ ባሕርዩ ምንም ማለዘቢያ አላበጀለትም። ቢገር የሚታዘንለት ሰው አይደለም፤ የሚፈራ ሰው ነው። ደራሲው የሚጠይቀው ይህን ፍርሃት ማን ዘራው፣ ማንስ አጠጣው የሚለውን ነው።

መጽሐፉ በሦስት ሳምንት ውስጥ ከ200,000 ቅጂ በላይ ተሸጠ። በ1941 ኦርሰን ዌልስ አዘጋጅቶት ካናዳ ሊ ቢገርን ሆኖ በብሮድዌይ መድረክ ላይ ታየ። ቅሬታውም እንዲሁ በረከተ። ከጥቁር ምሁራን አንዳንዶቹ ነጭ በዓይነ ሕሊናው የሚስለውን አውሬ አረጋግጠህ ሰጠኸው አሉት። ከጓዶቹ አንዳንዶቹ ንቁውና ታጋዩ ሠራተኛ የት አለ አሉ። ሁለቱም ወገን ከልቡ ነው የተናገረው፤ ሁለቱም ግን ለምረቃው በዓል የሚስማማ ንግግር ይፈልግ ነበር።

በዚያው በ1940 ራይት ወደ ናቼዝ ተጉዞ ለሩብ ምዕተ ዓመት ያላየውን አባቱን አገኘ። ሽማግሌው ጥርሶቹ ረግፈው፣ ወገቡ ጎብጦ፣ መቆፈሪያውን ይዞ በጭቃማው መሬት ላይ ቆሞ ነበር። ልጅየው ያን ያህል ዘመን የጠላውን ሰው ሲያየው ጥላቻው አልተገኘም። መሬቱን ሲያርስለት የኖረው ባለርስት ታማኝነትን፣ ስሜትን፣ ትዝታን እንኳን ያስተማረው አልነበረም። ፊታቸው ይመሳሰላል፤ ድምፃቸውም ይመሳሰላል፤ የሚነጋገሩበት ቋንቋ ግን አልነበራቸውም። ልጁን ወደዚያ ያደረሱት መጻሕፍት ከአባቱም ለዩት። ይህ የደራሲነት ዋጋ ነው፤ ራይት ዋጋውን ሳይደብቅ መዝግቦታል።

*

ስለ ራይት የሚጻፉ የሙገሳ ጽሑፎች አንድ ነገር ቶሎ ያልፋሉ። ያ በአሥራ ስድስት ዓመቱ ወረቀት የገፋው ሰው በሠላሳ ስድስት ዓመቱ ተቀብሏል። ግለ ታሪኩ ሲጠናቀቅ ሁለት ክፍል ነበረው፤ የደቡቡና የሰሜኑ። መጽሐፉን ለብዙ ሺህ አባላቱ ሊያከፋፍል የነበረው የመጻሕፍት ክበብ የደቡቡ ክፍል ብቻ እንዲወጣ ጠየቀ። ራይት ተስማማ። በ1945 «ጥቁር ልጅ» በሚል ስም የታተመው መጽሐፍ ባለታሪኩ ወደ ሰሜን ሲሄድ ያበቃል፤ አንባቢም ሰሜን ነጻነት ነው ብሎ እንዲዘጋው ይተወዋል። የቺካጎ ረኃብ የተተረከበት ሁለተኛው ክፍል በሙሉ መልኩ የታተመው በ1977 ነው፤ ሁለቱ ክፍሎች ደራሲው እንዳሰበው በአንድነት የወጡት ደግሞ በ1991 ነው። «የአገር ልጅ»ም በታተመበት ጊዜ የተቆረጡለት ገጾች በዚያው ዓመት ተመለሱለት። በ1940ዎቹ መጀመሪያ ጽፎት አሳታሚ ያልተቀበለው «በምድር ሥር የኖረው ሰው» የተባለ ልብ ወለዱም በሙሉ የታተመው በ2021 ነው።

ይህ የሚነገረው ደራሲውን ለማሳነስ አይደለም። ሚሲሲፒ የሚሰጠው ወረቀት ከጀርባው ዱላ እንዳለው ይታወቃል፤ ለመግፋት ድፍረት ይበቃል። ኒው ዮርክ የሚሰጠው ወረቀት ግን ፈገግታና አንባቢ ይዞ ይመጣል፤ ይህን መግፋት ከባድ ነው። ራይት በ1942 ከፓርቲው ለቀቀ፤ በ1944 ደግሞ የመለየቱን ምክንያት በአደባባይ ጻፈ። የፓርቲውን ወረቀት መለሰ፤ የገበያውን ግን በከፊል ተቀበለ። ከታላላቅ ሰዎች ታሪክ ውስጥ ይህን የመሰለው ገጽ መቆረጥ የለበትም።

ያም ሆኖ «ጥቁር ልጅ» አገር አነቃነቀ። የሚሲሲፒው ሴናተር ቢልቦ በሴኔቱ ውስጥ ቆሞ መጽሐፉን አወገዘው። በዚያው ክፍለ ግዛት የተወለደው፣ የደቡብን ነጮች ውድቀት ሲጽፍ የኖረው ዊልያም ፎክነር ደግሞ ለራይት ደብዳቤ ጻፈለት፤ ሊነገር የሚገባውን ተናግረሃል፤ በጥበብ ረገድ ግን የምመርጠው «የአገር ልጅ»ን ነው የሚል አሳብ ነበረው። ሁለቱም አንድ አፈር ያበቀላቸው ደራስያን ናቸው፤ አንዱ ከባለርስቱ ቤት በረንዳ፣ ሌላው ከጥጡ መስክ ሆነው ያን አፈር አዩት።

በ1947 ራይት ከሚስቱና ከልጁ ጋር ወደ ፓሪስ ተሰደደ። በ1951 በአርጀንቲና በተሠራው የ«የአገር ልጅ» ፊልም ላይ አርባውን አልፎ የሃያ ዓመቱን ቢገርን ራሱ ሆኖ ተጫወተ፤ ፍሬው ግን የደከመ ነበር። በ1953 ጎልድ ኮስት ትባል ወደ ነበረችው ወደ ጋና ሄደ። በአፕሪል 1955 በባንዱንግ የእስያና የአፍሪካ 29 አገሮች ሲሰበሰቡ፣ የኢትዮጵያ መልእክተኞች በተቀመጡበት በዚያ ጉባኤ፣ ራይት ማስታወሻውን ይዞ ይመለከት ነበር፤ ያየውንም «የቀለም መጋረጃ» በተባለ መጽሐፍ አወጣው። በ1956 በሶርቦን በተደረገው የጥቁር ጸሐፊዎችና አርቲስቶች ጉባኤም ተካፈለ። አፍሪካ ውስጥ ግን እንግዳ መሆኑን በግልጽ ጽፏል፤ ቆዳው ዘመድ ቢያስመስለውም ቋንቋውና ልማዱ ባዕድ ነበሩ። ወጣቱ ጄምስ ቦልድዊን የራይት መጽሐፍ ጥቁርን ሰው ከመከራው በቀር ሌላ ኑሮ የሌለው አድርጎ አሳይቷል ሲል ተከራከረው። ሌሎችም ስደቱ ከሥሩ ነቀለው አሉ። ኋላ በጻፋቸው ልብ ወለዶች ውስጥ ያ የቀድሞው እሳት ቀዝቅዞ መታየቱ እውነት ነው።

በመጨረሻዎቹ አሥራ ስምንት ወራት ገደማ በሕመም ሳለ ማንም ያልጠበቀውን ነገር ጀመረ። ሃይኩ በሚባለው የጃፓኖች አጭር የግጥም ስልት፣ ቀለም እየቆጠረ፣ ወደ 4,000 የሚጠጉ ግጥሞች ጻፈ። በእነዚያ ግጥሞች ውስጥ ክስ የለም፤ ፍርድ ቤት የለም። ዝናብ፣ ወፍ፣ የጥጥ ማሳ፣ የበልግ ጨረቃ አለ። በልጅነቱ በረኃብና በፍርሃት ያለፈበትን የደቡብን ምድር ተመልሶ በዝግታ አየው። እናቱ በ1959 አርፋለች። እሱም ኖቬምበር 28 ቀን 1960 በሃምሳ ሁለት ዓመቱ በፓሪስ በልብ ድካም ሞተ። አስከሬኑ ከ«ጥቁር ልጅ» አንድ ቅጂ ጋር ተቃጥሎ አመዱ በፔር ላሼዝ መካነ መቃብር ዐረፈ። ከሃይኩዎቹ እሱ ራሱ የመረጣቸው 817ቱ በመጽሐፍ የታተሙት በ1998 ነው።

የሪቻርድ ራይት ታሪክ ለወጣት ደራስያን ሲነገር ብዙውን ጊዜ የሚወሳው ያቺ የተዋሳት ካርድ ናት። ታሪኩ ልብ ይማርካል፤ ማንበብ ምን ያህል ውድ እንደ ሆነም ያስተምራል። ነገር ግን ካርዷን ከመዋሱ ከሁለት ዓመት በፊት፣ ገና ምንም ያህል ሳያነብ፣ አጠገቡ የሚያበረታታው አንድ ሰው ሳይኖር፣ ርእሰ መምህሩ የዘረጉትን ወረቀት መልሶላቸዋል። ያ የራሱ ንግግር ምን ያህል የበሰለ ነበር? የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ንግግር ነውና ምናልባት የርእሰ መምህሩ ይሻል ይሆናል። ቃሉ ግን የእሱ ነበር። ከእሱ በኋላ የመጣው ሁሉ በዚያ ላይ የተሠራ ነው።